አፌን በዳቦ አብሱ፦ ስለ ልጅነት የዋህነትና ስለ ተረት

(ባለፈው ቅዳሜ በአንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለልጆች ለሚጽፉ ሰዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜን የሚያህል ቀን ትታችሁ፣ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ፊት ለፊት ምንጣፉ ላይ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ እናንተም እንኳን ደህና መጣችሁ። ሲደክማችሁ መነሳት ትችላላችሁ። መጠየቅ ስትፈልጉም እጃችሁን አውጡ።

ከአንድ ማታ ልጀምር።

ልጄ ያኔ አራት ዓመት ከምናምን ነበረች። እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ እኛ ጋ ሰንብታለች። ማታ ማታ ሶፋው ላይ ትቀመጥና ልጅቷን ጉያዋ ውስጥ አድርጋ ተረት ትነግራታለች። እኔ ጠረጴዛ ላይ የቢሮ ሥራዬን እየሠራሁ በአንድ ጆሮዬ እሰማለሁ። የዚያን ቀን ተረቱ አለቀ። እናቴም እንደ ደንቡ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብላ ዘጋችው።

ልጄ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ሄደች። የመሶብ ክዳን ሲነሳ ሰማሁ። ቁራሽ ዳቦ ይዛ ተመለሰች። ሶፋው ላይ በጉልበቷ ወጣች። ዳቦውን በሁለት እጇ ያዘችና የአያቷን አፍ ጠረገች። በዝግታ ነው የጠረገችው። እኔ ከምግብ በኋላ እሷን እንደምጠርጋት፣ መጀመሪያ ከንፈሯን፣ ቀጥሎ የአፏን ዳርና ዳር፣ በመጨረሻ አገጯን።

እናቴ አልሳቀችም። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ እሱ ነው። ዓይኗን ጨፍና ልጅቷ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ከዚያ «እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ» አለቻት። ዳቦውን ለሁለት ቆርሰው በሉት።

እኔ ያንን ሐረግ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። እናንተም እንደዚያው። ለእኛ «አለቀ» ማለት ነው። «በሉ ተኙ» ማለት ነው። አያቴ ልጅነቴን ሙሉ ዳቦ ስትጠይቀኝ ኖራለች፤ እኔ አንድም ቀን አላመጣሁላትም። የጠየቀችኝ እንደሆነ እንኳ አልሰማሁም ነበር። ልጄ ሰማች።

ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለዚህ መስማት ነው። ስለ ልጅነት የዋህነት ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናነሳው ያላወቁትን ነው። ልጅ ክፋትን አያውቅም፣ ገንዘብን አያውቅም፣ ሞትን አያውቅም እንላለን። እኔ በዚህ አልስማማም። ልጆች ከምንገምተው በላይ ያውቃሉ። እናትና አባት ሲኮራረፉ ከማንም በፊት የሚያውቀው ልጅ ነው። የዋህነታቸው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ልጅ ቃልን በሙሉ ክብደቱ ይቀበላል። ዳቦ ካልነው ዳቦ ነው። «ነገ እወስድሃለሁ» ካልነው ነገ ጠዋት ጫማውን አድርጎ በር ላይ ይቆማል።

ይኸው ልጄ ሌላም ነገር አስተምራኛለች። ተረት ሲጀመር «ተረት ተረት» ይባላል፤ ሰሚው «የላም በረት» ብሎ ይመልሳል። አዲስ አበባ የምትኖሩ ላምበረትን ታውቁታላችሁ፤ አውቶቡስ መናኸሪያው ያለበት ነው። እናቴ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ የምንቀበላት እዚያ ነው። አንድ ቀን ልጄ «ተረት ሁሉ ለምን ከላምበረት እንደሚመጣ አውቃለሁ» አለችኝ። «ለምንድን ነው?» አልኳት። «እምዬ እዚያ ስለምትወርድ» አለችኝ። ላርማት አፌን ከፍቼ ነበር። ምኑን ነው የማርመው? ለእሷ ተረት በእርግጥም ከላምበረት ነው የሚመጣው። ዘንቢል ይዞ፣ ነጠላ ለብሶ፣ ከአውቶቡስ ይወርዳል።

የእህቴ ልጆች ደግሞ ሜሪላንድ ነው ያሉት። እናቴ በስልክ ቪዲዮ ትተርክላቸዋለች። «የላም በረት» ይላሉ እነሱም፣ ጮክ ብለው። በረት አይተው አያውቁም። ቃሉ ግን በር እንደሚከፍት ያውቃሉ። ያ ለጊዜው ይበቃል።

አሁን ወደ አንድ ተረት ልውሰዳችሁ። ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ማሞ ቂሎ።

እኔ የሰማሁት እንዲህ ነው። ማሞ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ድሆች ናቸው። እናቱ ሥራ ፈልግ ብላ ትልከዋለች። በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ገበሬ ሲሠራ ውሎ ሳንቲም ይከፈለዋል። መንገድ ላይ ሲጫወት ይጥለዋል። እናቱ «ምነው ልጄ፣ ኪስህ ውስጥ አትከተውም ነበር?» ትለዋለች። «እሺ፣ ሌላ ጊዜ» ይላታል። በማግስቱ ከብት ጠባቂ ዘንድ ይሠራል። ወተት ይሰጠዋል። ኪሱ ውስጥ ያፈሰዋል። እናቱ «ራስህ ላይ ተሸክመህ ማምጣት ነበረብህ» ትላለች። በሦስተኛው ቀን ቅቤ ይሰጠዋል። ራሱ ላይ ያስቀምጠዋል፤ በፀሐይ ቀልጦ እስከ አንገቱ ይወርዳል።

እዚህ ጋ አያቴ የምትስቀው ለብቻዋ ነበር። ምክንያቱም የሷ ራስ ላይም ቅቤ አለ። እኛ ልጆቹ የሷን ጸጉር እያየን ማሞ ያጠፋው ምኑ ላይ እንደሆነ ግራ ይገባን ነበር።

እንዲህ እያለ ይቀጥላል። በገመድ ታስሮ መጎተት የነበረበት ድመት አለ። በገመድ ታስሮ ሲጎተት ውሻ የጨረሰው ሥጋ አለ። «ሥጋውን ትከሻህ ላይ መሸከም ነበረብህ» ትለዋለች እናቱ። በመጨረሻ ለደመወዙ አህያ ይሰጠዋል። ማሞም አህያዋን ትከሻው ላይ ይሸከማታል። አራት እግሯ ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ እያንገዳገደችው፣ በአንድ ባለጸጋ ደጅ ያልፋል። የባለጸጋው ልጅ ስቃ አታውቅም። አባቷ ያላፈላለገላት መድኃኒት የለም። በመስኮት ማሞን ስታይ ፍርስ ብላ ሳቀች። አባትየው በደስታ ማሞን ዳረላት።

ይህ ዓይነት ተረት በብዙ አገር አለ። እንግሊዞችም የራሳቸው ማሞ አላቸው። እኛ ግን ስሙን «ቂሎ» ብለን ጀመርን። እስቲ ማሞ ያጠፋውን አብረን እንፈልግ። አንድም ቀን አልዋሸም። አንድም ቀን እምቢ አላለም። እናቱ ያዘዘችውን ሁሉ፣ ቃል በቃል፣ አድርጓል። ችግሩ ያለው ምክሩ ላይ ነው። እናቱ የምትመክረው ስለ ትናንት ነው። የሳንቲሙ ምክር ወተቱ ላይ ይደርሳል። የወተቱ ምክር ቅቤው ላይ ይደርሳል። አዋቂ ሁሉ እንዲህ ነው የሚመክረው፤ ባለፈው ነገር። ልጁ ግን ምክር ጊዜ ያልፍበታል ብሎ አያስብም። እናቱ ተናግራለች፣ አለቀ።

ተረቱን ያሰማመረው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ይህን አውቋል። «ማሞ የዋህ ነበረ» ብሎ አልነገረንም። አንድ ቃል አስይዞ መንገድ ላይ ለቀቀው። እኛ ደግሞ ቃሉ የት እንደሚያደርሰው እያየን ነው የምንስቀው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ተረቱ ማሞን አልቀጣውም። ብልህ አድርጎም አልለወጠውም። እስከ መጨረሻው ያው ማሞ ነው። አህያ ተሸክሞ ነው ሠርጉ ላይ የደረሰው።

ስለ «የዋህ» ቃል አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ ውስጥ እንደዚህ ሁለት ፊት ያለው ቃል ጥቂት ነው። መጽሐፍ «እንደ እባብ ልባሞች እንደ ርግብም የዋሆች ሁኑ» ይላል፤ ታላቅ ምስጋና ነው። ሰፈር ውስጥ ግን «እሱ እኮ የዋህ ነው» ስንል ድምፃችን ዝቅ ይላል። ይታለላል ማለታችን ነው። ምሳሌያዊ አነጋገራችንም ለልጅ ብዙ ቦታ አይሰጠውም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል። «የልጅ ነገር አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይላል። ተረት ግን ከዚህ ይለያል። ተረት ውስጥ ልጅ ያቦካው እራት ይሆናል። ምሳሌው የተነገረው በአዋቂዎች ሸንጎ፣ ተረቱ የተነገረው ልጅ ጉያ ውስጥ ተቀምጦ ስለሆነ ይመስለኛል። ልጁ እዚያው አለ፤ ይሰማል፤ ዓይንህን ያይሃል።

ተረት ግን ሁልጊዜ እንደ ማሞ በሠርግ አያልቅም። ሌላኛውን ልንገራችሁ።

በአንድ ዘመን ዝናብ ጠፋ። አገሩ ተቃጠለ። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰበሰቡ። «ይህ ሁሉ መከራ የመጣው ከመካከላችን ኃጢአት የሠራ ስላለ ነው። እንናዘዝ» ተባባሉ። አንበሳ ተነሣና «እኔ መንደር አጠገብ በሬ አግኝቼ በልቻለሁ» አለ። ሁሉም «ኧረ ጌታችን፣ ይሄ ምን ኃጢአት አለው!» አሉ። ነብር «ከመንጋዋ የተለየች ፍየል በልቻለሁ» አለ። «ይሄማ ምን አለው!» አሉ። ጅብ «ከሰው ቤት ዶሮ ሰርቄ በልቻለሁ» አለ። «ይሄም ኃጢአት ሆኖ!» አሉ። ተራው የአህያ ሆነ። አህያም «አንድ ቀን ጌታዬ ጭኖኝ ሲሄድ መንገድ ላይ ወዳጁን አገኘ። ቆመው ሲያወሩ እኔ ከመንገዱ ዳር ትንሽ ሣር ነጨሁ» አለች። ሦስቱም ተያዩ። «ይኸው! ድርቁን ያመጣሽብን አንቺ ነሽ!» ብለው ተጋግዘው በሏት።

(እዚህ ላይ ምንጣፉ ላይ የነበረ፣ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ እጁን ሳያወጣ «ሣር ብቻ እኮ ነው የበላችው!» አለ። ሰዉ ሳቀ። ልጁ አልሳቀም።)

አዎ፣ ሣር ብቻ ነው። ልክ ነህ። እኔም ልጅ ሆኜ ያልኩት ይህንኑ ነው።

ይህን ተረት የሰማሁት አያቴ ቤት ነው፤ ከደብረ ብርሃን ትንሽ ወጣ ብሎ። ብርዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የኩበት እሳት ዳር፣ ሁለት ሦስት ሆነን አንድ ባና ውስጥ ተጠቅልለን ነው። የኩበት ጭስ ዓይን ያቃጥላል፤ ቢሆንም ማንም ከእሳቱ አይርቅም። አያቴ እንዝርቷን እያሾረች ነው የምትተርከው። ታሪኩ ሲፈጥን እንዝርቱም ይፈጥናል። አስፈሪ ቦታ ላይ ስትደርስ እንዝርቱን ትይዘዋለች። ያኔ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

አህያዋ ስትበላ አለቀስኩ። «ለምን ተናገረች?» አልኳት። አያቴ እንዝርቷን እያየች «ተናዘዢ ተባለቻ» አለችኝ።

ሌላ ምንም አልጨመረችም። መልሱ ለዓመታት አብሮኝ ኖሯል። አህያዋ ጉባኤውን አምናለች። ሌሎቹ ጉባኤው ለማን እንደተጠራ ያውቃሉ፤ እሷ ግን ተናዘዙ ከተባለ መናዘዝ ነው ብላ ነው የመጣችው። ማሞንም አህያዋንም የሠራቸው አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም የተነገራቸውን ቃል አመኑ። አንዱ ሙሽራ ሆነ፣ አንዷ ተበላች። አያቶቻችን ሁለቱንም በአንድ ማታ፣ በአንድ እሳት ዳር ይተርኩልን ነበር። አንዱን ደብቀው ሌላውን አልነገሩንም። ለዚህ እኔ ባለ ዕዳቸው ነኝ።

በዚያው ቤት፣ አንድ ሌላ ማታ፣ አያቴ ስለ አያ ጅቦ እየተረከች ነበር። ውጭ ጅብ ጮኸ። እውነተኛ ጅብ፣ ከወንዙ ማዶ። እኔ ባናው ውስጥ ገባሁና «ስሙን ስትጠሪ ሰማሽ እንዴ?» አልኳት። እሷ ደግሞ ወደ በሩ አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በሹክሹክታ፣ ተረቱን ቀጠለች። «አይዞህ፣ ተረት ነው» አላለችኝም። «ዝም በል» አላለችኝም። ጅቡ እንዳይሰማን ተጠንቅቃ ተረከችልኝ። እንደዚያ ማታ የተጠበቅኩበት ማታ ትዝ አይለኝም።

እናቴ ዓይኗን ጨፍና አፏን ያስጠረገችውም፣ አያቴ በሹክሹክታ የተረከችውም አንድ ሥራ ነው። የልጅ የዋህነት ብቻውን አይቆምም። ቃሉን የሚያከብርለት አዋቂ ይፈልጋል። ልጁ «ጅቡ ሰማ» ካለ ጅቡ ሰምቷል። ዳቦው ከመጣ አፍ ይጠረጋል።

ይህን በአገር ደረጃ የሠሩ አንድ ሰው ነበሩን። አባባ ተስፋዬ። ሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሳህሉ ነው፤ ባሌ ነው የተወለዱት። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። እሳቸው በዚያው የልጆች ፕሮግራም ጀመሩና ከ40 ዓመት በላይ ተረት ነገሩን። ከዚያ በፊት የመድረክ ተዋናይ ነበሩ። ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ይጫወቱ ነበር። ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ድረስ ሄደው ወታደሩን አዝናንተዋል። ይህ ሁሉ የኋላ ታሪካቸው ነው፤ ለእኛ አባባ ተስፋዬ ነበሩ።

እኛ ቤት ቴሌቪዥን አልነበረም። ጎረቤት ሄደን መሬት ላይ ተደርድረን ነው የምናየው። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች! የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች!» ሲሉ ሁላችንም በአንድ ድምፅ እንመልስ ነበር። ይሰሙናል ብለን ነው። እኔ ወደዚያ ቤት ከመሄዴ በፊት ፊቴን እታጠብ ነበር። እናቴ አስገድዳኝ አይደለም። እሳቸው ያዩኛል ብዬ ነው። እንባ ባረፈበትና ንፍጥ በደረቀበት ፊት አባባ ተስፋዬ ፊት እንዴት ይቀረባል?

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ የአገሩ ሰው ሁሉ እንደ አያቱ አዘነ። የማይተዋወቁ ሰዎች ታክሲ ውስጥ ስለሳቸው ሲያወሩ ሰምቻለሁ። አንዲት ሴት «እኔን ያዩኝ ነበር» አለች። ትልቅ ሰው ናት፤ የባንክ ባጅ አንገቷ ላይ አለ። ማንም አልሳቀባትም።

እንቆቅልህን ሳላነሳ ላልፍ ነበር። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ?» «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።» መልሱ ጤዛ ነው። ያላወቀ አገር ይሰጣል። «አገር ስጠኝ!» ይባላል። አንድ ማታ መልሱ ጠፍቶኝ ለታላቅ ወንድሜ ደብረ ብርሃንን ሰጠሁት። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ደብረ ብርሃን የሱ ከሆነ ነገ እኛ የት ልንኖር ነው? በሌሊት ተነሥቼ አያቴን ቀሰቀስኳት። እሷም ወንድሜን ቀሰቀሰችው። በጨለማ ውስጥ፣ እንቅልፍ በያዘው ድምፅ፣ «መልሻለሁ» አስባለችልኝ። ያኔ ተኛሁ።

ከአፍ ወደ መጽሐፍ ልምጣ፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነውና ያለነው። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ስደተኛ ሆኖ አሜሪካ ገባ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሠራ። የዓለም ልጆች ሁሉ በየቋንቋቸው መጽሐፍ ሲኖራቸው የአማርኛው መደርደሪያ ባዶ ሆነበት። በልጅነቱ የሰማውን የማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አሳተመው። ከዚያ መጽሐፍ ጭኖ አገሩ ተመለሰ። በ2003 እ.ኤ.አ. ሾላ አካባቢ፣ በራሱ መኖሪያ ቤት ምድር ቤት፣ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ በአህያ የሚሳብ ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አቋቋመ። ጋሪው በግራና በቀኝ መደርደሪያ አለው። ልጆች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያነባሉ። አህያዋ ቆማ ትጠብቃለች።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወደው ምርጫውን ነው። ያ ሰው ብዙ የጀግና ታሪክ መጻፍ ይችል ነበር። ማሞን መረጠ።

አሁን ለምትጽፉት የምለው አለኝ። ቅሬታም ነው፤ ከልቤ ነውና አትቀየሙኝ። በገበያ ላይ የማየው የልጆች መጽሐፍ አብዛኛው የሚያልቀው በጥያቄ ነው። «ልጆች፣ ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?» ይላል። ከታች መስመር አለ፤ ልጁ ይሞላበታል። ልጄ ይህን ጥያቄ መጀመሪያ ስታየው ገጹን ገልብጣ ከኋላው ሌላ ነገር አለ ወይ ብላ ፈለገች። ተረቱ የት ሄደ ማለቷ ነው። አንድ ልጅ ስለ አህያዋ እያለቀሰ ሳለ ምን እንደተማረ መጠየቅ ያሳዝነኛል። አያቴ ጠይቃኝ አታውቅም። እንዝርቷን ነው ያሾረችው።

ሌላው ጅብ የሌለበት መጽሐፍ ነው። ልጅ እንዳይፈራ ተብሎ ጅቡ ለማዳ ይደረጋል፤ ፈገግ ይላል፤ ጓደኛ ይሆናል። ተረታችን ጅብን የያዘበትን ብልሃት ግን ተመልከቱ። አያ ጅቦ ትልቅ ነው፣ ብርቱ ነው፣ የሚታለለው ግን እሱ ነው። እመት ጦጢት ትንሽ ናት፣ የምታታልለው ግን እሷ ናት። ልጅ ቤት ውስጥ ከሁሉ ያነሰ ነው። ሁሌም የሚታለለው እሱ ነው፤ «ከረሜላ አልቋል» ይባላል፣ «መርፌው አያምም» ይባላል። ተረት ውስጥ አንድ ጊዜ ትልቁ ሲታለል ያያል። ያን ሳቅ ሰምታችሁታል? ሆዱን ይዞ ነው የሚስቀው። ጅቡን ካለሳለሳችሁት ይህ ሳቅ ይጠፋል።

ድግግሞሹንም አትቁረጡ። አርታኢ «ይህ ሦስት ጊዜ ተደግሟል» ብሎ በቀይ ያሰምርበታል። ልጁ የሚጠብቀው ሦስተኛውን ነው። ሲደክማችሁ አንዱን ዘልላችሁ ለማለፍ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ አይደል? «ወተቱን ረሳኸው!» ይላችኋል ዓይኑን ጨፍኖም ቢሆን። እሱ ተረቱን ያውቀዋል። የሚፈልገው ቃሉ በቦታው መኖሩን ነው።

ወላጆች ደግሞ ቪዲዮ ከፍታችሁ መተኛት እንደሚቀል አውቃለሁ። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ቀን ሙሉ ሠርተን ደክሞን ነው የምንገባው። ስክሪኑን አልኮንንም፤ እኔንም ያሳደገኝ አንድ ስክሪን ነው። ግን አባባ ተስፋዬን ስናይ ጎረቤታችን እማማ አብረውን ነበሩ። እኛ «ጤና ይስጥልኝ» ስንል እሳቸውም ይመልሱ ነበር። በሳምንት አንድ ማታ ብቻ፣ መብራቱን ቀንሱና «ተረት ተረት» በሉ። ከየት እንደምትጀምሩ ካላወቃችሁ ከማሞ ጀምሩ። ብትረሱት ግድ የለም፤ ለምን ወተት እንዳፈሰሰ ልጁ ራሱ ይሞላላችኋል።

የኔ ይኸው ነው። ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።

(ሁለት ሦስት ወላጆች ጠየቁ፤ የት የት መጽሐፍ እንደሚገኝ፣ ልጅ በስንት ዓመቱ ማንበብ እንደሚጀምር። በኋላ ያ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ እጁን አወጣ። አሁን በደንብ፣ ክርኑ እስኪዘረጋ።)

«አህያዋስ?» አለ።

«የትኛዋ?» አልኩት። «የተበላችዋ?»

«አይደለም። ማሞ የተሸከማት። እሱ ሲያገባ እሷ የት ሄደች?»

አዳራሹ ውስጥ ያለን ትልልቅ ሰዎች ሁላችን ተያየን። ይህን ተረት ከአርባ ዓመት በላይ አውቀዋለሁ። አንድም ቀን ስለ አህያዋ አስቤ አላውቅም። ልጅቷ ሳቀች፣ አባትየው ተደሰተ፣ ሠርጉ ተደገሰ፤ አህያዋ ግን እስከ ዛሬ ማሞ ትከሻ ላይ ነበረች።

«አወረዳት» አልኩት። «ልጅቷ ስቃ ስትጨርስ ማሞ ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አወረዳት። እግሯ ደንዝዞ ነበር። ትንሽ ቆመች። ከዚያ ከባለጸጋው ግቢ ውኃ ጠጣች።»

«ሣርስ?»

«ሣርም በላች። የፈለገችውን ያህል።»

«ማንም ምንም አላላትም?»

«ማንም ምንም አላላትም።»

«እሺ» አለና እጁን አወረደ።